በእግር የሚተዋወቁ ሰዎች

ተረት ተረት። «የመሠረት» የሚል ይበል፤ አፉ የሞላ ደግሞ ውጦ ይምጣ፣ እኔ እቆያለሁ።

ድሮ ነው። ንብ ከሰው ጋር ትማከር በነበረበት፣ የቤት እንጨት ቅር ሲለው ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ይርገዱ የማር ሰው ናት። ቀፎ ትሰቅላለች፣ ጭስ ታጨሳለች፣ ዛፍ ላይ ወጥታ ማር ትቆርጣለች። «ሴት ዛፍ ላይ ምን አላት?» ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ባሏ ሲሞት የመውጫ ገመዱን ከግድግዳ አውርዳ ወገቧ ላይ ከታጠቀች ወዲህ የሰው አፍ አላስቸገራትም። ከዛፍ ጫፍ ሆነው ሲሰሙት ሐሜት ያንሳል።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ዘነቡ ትባላለች። በተወለደች ዕለት ዝናብ ስለ ጣለ ነው ስሟ። ዝናቡ ታዲያ ስሙን ለልጅቷ ሰጥቶ እሱ ጠፋ። አገሩ ደረቀ፣ አበባ ጠፋ፣ ንቧም ተነሥታ ሄደች። ይርገዱም «ንብ የምትኖርበት አገር ለሰውም አያንስም» ብላ ልጇን ይዛ መንጋውን ተከተለች። ንብ ከፊት፣ እናት ከንብ ኋላ፣ ልጅ ከእናት ኋላ።

ሄደው ሄደው ቀን በቀትር ጉም ወደማይለቀው ሸለቆ ገቡ። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው። ከየቅርንጫፉ የማር እንጀራ ተንጠልጥሏል፤ ቆራጭ አጥቶ፣ ሞልቶ ተርፎ ይንጠባጠባል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። ወፍ አይጮኽም፣ ሰው አይጣራም።

ሰው ግን ነበረ። ከዛፎቹ ሥር ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። ሽማግሌው አንገቱ ወደ መሬት ታጥፏል፣ ጎረምሳውም ታጥፏል፣ ሙሽራዋም ታጥፋለች። ማሩ ማጅራታቸው ላይ ጠብ ሲል በመዳፋቸው ይጠርጉትና «ኤጭ፣ ደግሞ የሰማይ ለሃጭ» ብለው በሣር ያብሱታል። ያልጠረጉት ጀርባቸው ላይ ደርቆ ዝንብ ሰፍሮበታል።

ይርገዱ ይህን ስታይ ልትመለስ ነበር። ግን ልጅቷ ርቧታል።

አንዲት ሴት መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ፊቷ አይታይም። የይርገዱን እግር አየች፣ የዘነቡን እግር አየች።

«እነዚህን እግሮች አላውቃቸውም» አለች። «እንግዶች ናችሁ። ተረከዝሽ ተሰንጥቋል እኅቴ፤ ከሩቅ ነው የመጣሽው። ደጊቱ እባላለሁ። ነይ ግቢ፣ የሚበላ አለ።»

በዚያ አገር ሰው የሚተዋወቀው በእግሩ ነው። «እግርሽ እንዴት ዋለ?» ይባባላሉ። ሚዜ ሙሽራን ሲያሞግስ ተረከዟን ያነሣል። የተጣሉ እንደ ሆነ «ሁለተኛ እግርህን እንዳላይ» ይባባላሉ። ባል የሚስቱን የዓይን ቀለም ሳያውቅ አብሯት አርጅቶ ይሞታል።

ይርገዱ በልታ ስትጠግብ ጠየቀች፤ «እኅት ዓለም፣ ለምንድን ነው ወደ ላይ የማታዩት?»

ደጊቱ ደነገጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወደ ላይ የሚያየው ማን ነው? ሬሳ ነው። እኛ በሆዳችን ነው የምንተኛው። ሰው በጀርባው የሚጋደመው ሲሞት ብቻ ነው። አባቴን አየሁት፣ ባሌንም አየሁት። ሁለቱም ወደ ላይ ያዩት የሞቱ ዕለት ነው። ወደ ላይ እያየ በሕይወት ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንቺን አጋጥሞሽ ያውቃል?»

ይርገዱ «እኔው ራሴ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ሴትዮዋን ይብስ እንዳታስደነግጣት ብላ ተወችው።

ቤት ሰጧት፣ እህል ሰጧት፣ እንስራ ሰጧት። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ በማግሥቱ ጥላቸው ትሄድ ነበር። ችግሩ ደጎች መሆናቸው ነው።

የቤቷ በር ዝቅ ያለ ነው። ይርገዱ ልትገባ ስትል ጉበኑ ግንባሯን መታት። ጉበን ማለት ከበሩ በላይ የሚጋደመው እንጨት ነው።

«ጎንበስ» አለ ጉበኑ።

«አንተ እኮ እንጨት ነህ» አለች ግንባሯን እያሸች።

«እንጨት ነኝ፤ አንቺም ሥጋ ነሽ። ከሁለታችን ማን እንደሚታጠፍ እናያለን።»

ይርገዱ መጥረቢያ ተዋሰች። ጉበኑን ነቅላ፣ መቃኑን አስረዝማ፣ በሩን በቁመቷ ልክ ሠራችው። ጉበኑ ከፍ ካለው ቦታው ሆኖ ሲስቅ ሰማችው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት ሳቅ ነው።

«በራስሽ ደጅ ቀና ብለሽ ግቢ» አላት። «ግን በራስሽ ደጅ ብቻ አትኖሪም። የደጊቱ በር ወንድሜ ነው። የወላዷም፣ የሟቹም፣ የሙሽራውም በር ወንድሜ ነው። እስኪ የማን ቤት ሳትገቢ ትቀሪያለሽ?»

እውነቱን ነበር። ይርገዱ ልጅ የተወለደ እንደ ሆነ ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ጎንበስ ብላ ገባች። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ለነፍስ ይማር ጎንበስ ብላ ገባች። ደጊቱ ባመማት ጊዜ አጥሚት ይዛ ጎንበስ ብላ ገባች። በራሷ ደጅ ቀና የምትለው ወጥታ ስትመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደክሟት ይሆናል።

በዚያ አገር ሰው ባይፈራውም ከሁሉ ይልቅ የጠገበ አንድ ፍጥረት ነበረ፤ ጭልፊት። ጫጩቶቹን ከየደጁ አንድ በአንድ ይለቅማል። ሰዎቹ ጫጩት ሲጎድል «ተነነች» ይላሉ እንጂ ማን እንደ ወሰዳት አያውቁም። ጭልፊቱ ይርገዱን ሲያያት አልወደዳትም። መጥቶ የቤቷ ጉበን ላይ አረፈ።

«ይህች ሴት ዓይኗን ታነሣለች» አለ። «ዛሬ እሷ ታየኛለች፣ ነገ ሌላው ያየኛል። በምን ትሰብራታለህ?»

«እኔ አልሰብራትም» አለ ጉበኑ። «ይወዷታል። እነሱ በፍቅር ይጨርሱልኛል።»

ይርገዱ አንድ ቀን ገመዷን ታጥቃ ከትልቁ ዛፍ ላይ ወጣች። ለዚህ ደግ ሕዝብ ማር ላብላው ብላ ነው። ማሩን ቆርጣ፣ እንስራዋን ሞልታ ስትወርድ ከቤቷ በኩል ለቅሶ ሰማች። ደረቷን መታች፤ «ልጄን!» አለች። ሮጣ ደረሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ደጇ ላይ ተቀምጧል። ዘነቡ መካከል ላይ ናት፣ ጸጉሯን ተላጭታለች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ይርገዱ ሞታብን» አለች ደጊቱ እያለቀሰች። «እግሯ ከመሬት ጠፋ።»

«አልሞትኩም። ይኸው አለሁ።»

ደጊቱ በእጇ ዳብሳ እግሯን አገኘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካች። ሁሉም እየመጡ ነካኩ። ደስ አላቸው፤ ግን ማሩን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ከሞት አገር የመጣ ምግብ ማን ይበላል? ደጊቱ እንስራውን ወደ ገደል ወስዳ ስትደፋው ይርገዱ ቆማ አየች።

ሁለተኛ ጊዜ ወጣች። ሁለተኛ ጊዜ አለቀሱላት፤ ይህን ጊዜ ለቅሶው አጠር ያለ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ስትወርድ ለቅሶ የለም። መንደሩ ጸጥ ብሏል። በመንገድ «እግርሽ እንዴት ዋለ?» ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እሷን የሌለች ያህል በጎኗ አለፉ። ደጊቱ አጠገቧ ቆማ የዘነቡን ራስ እየዳበሰች «ወላጅ የሌላት፣ ወላጅ የሌላት» ትላለች። ለሞተ ሰው ማን ሰላም ይላል? ልጅቷ እንኳ «እማዬ» ያለቻት፣ ሰው እንዳይሰማባት በሹክሹክታ ነው።

ይርገዱ ድርቅን ችላለች፣ መበለትነትን ችላለች። ይህን ግን አልቻለችም። በገዛ መንደሯ መካከል እየተራመደች አለመኖር፣ ልጇ እናቷን ስትጠራ መፍራቷ፣ አጥንቷ ድረስ ገባ። ገመዱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። «ለጊዜው ነው» አለች። በማግሥቱ ሁሉም ሰላም አሏት፣ ደጊቱም ትኩስ ቂጣ ይዛላት መጣች።

ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ። ይርገዱ ቀስ እያለች መንደሩን ለመደችው። እግር ማወቅ ቻለች። እንዲያውም ጎበዝ ሆነች፤ ከሩቅ በአረማመድ ትለያለች። ይህን ሁሉ ግን ለመኖር ያህል የማደርገው ነው እንጂ እኔ የነሱ ዓይነት አይደለሁም ትላለች። እኔ ዛፍ ጫፍ የወጣሁ ሴት ነኝ ትላለች።

የሚያስጨንቃት ልጇ ናት። ሁልጊዜ የልጅቷን ማጅራት ነው የምታየው። ዘነቡ ከእኩዮቿ ጋር ዓይን ተሸፍኖ እግር ዳብሶ ስም የመጥራት ጨዋታ ትጫወታለች። ጓደኛሽ ማን ናት ሲሏት «አውራ ጣቷ ጠምዘዝ ያለችው» ትላለች።

«ዘነቡ፣ ቀና በይ» ትላታለች ጠዋት።

«ዘነቡ፣ ቀና በይ አላልኩሽም?» ትላታለች ቀትር ላይ።

«ዘነቡ፣ አንገትሽ ሊደርቅብሽ ነው፤ ቀና በይ» ትላታለች ጀምበር ስታዘቀዝቅ።

ልጅቷ ለአፍታ ቀና ትልና ተመልሳ ታጎነብሳለች። እናቲቱ ትቆጣለች። ምክርም ሞከረች፣ ቁጣም ሞከረች፣ ከዛፍ በተንጠባጠበ ማርም ደለለቻት።

አንድ ቀን ምርር ብሏት የልጇን አገጭ በሁለት እጇ ያዘች። «ዛሬስ አልለቅሽም። ፊቴን እይኝ። በደንብ እይኝ።»

የልጅቷ አንገት ሲቃና ተንቋቋ። አመማት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀስ፣ ቀስ ብላ ቀና አለች። ወደ እናቷ ተመለከተች። ቆየች።

«እማዬ» አለች። «ፊትሽ የት አለ? እኔ የማየው አናትሽን ነው።»

ይርገዱ ቀና ልበል አለች። አንገቷ እንቢ አለ። በእጇ ግንባሯን ገፋች፤ እንቢ አለ። የበሩን መቃን ይዛ ታገለች፤ እንቢ አለ። ያን በቁመቷ ልክ የሠራችውን በር ስትገባ ስትወጣ፣ ከራሷ በላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደ ተረፈ ያን ጊዜ ገባት። ስንት ወር «ቀና በይ» ስትል የኖረችው ጎንብሳ ነው። ልጇን ያቃናልኛል ያለችው ምክር ሁሉ ወደ መሬት እያየች የተናገረችው ነው። ጮኻ አለቀሰች።

ጉበኑ ከላይ ሆኖ ያያታል።

«እንሂድ» አለች ለልጇ። «አሁኑኑ። ያንቺ አንገት ገና ለጋ ነው። ንቢቱን ፈልጊያት።»

ዘነቡ ወደ ላይ አየች። አንዲት ንብ ደጁ ላይ ትዞራለች። «ሳልጠራ አልመጣም ብዬ ነው እንጂ እዚሁ ነበርኩ» አለች ንቢቱ። «ተከተሉኝ። እናት እግሯን ትይ፣ ልጅ እኔን ትይ።»

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኛቸው። ደጊቱ መሬት ላይ ተደፍታ የይርገዱን እግር ሳመች። እንባዋ ጣቶቿ ላይ ሲወርድ ይርገዱ ልቧ ተሰበረ፤ ይህችን ሴት ትወዳት ነበርና። ፊቷን ግን አታውቀውም። ገና ከደጇ ፈቀቅ ስትል ጉበኑ ተናገረ።

«ሂጂ» አላት። «የትም ሂጂ። እኔ አንገትሽ ላይ ነኝ።»

ንቢቱ መርታ መርታ ሜዳማ አገር አደረሰቻቸው። ሰዎቹ ደመና አይተው የሚዘሩ፣ ኮከብ አይተው የሚያጭዱ ናቸው። ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ወፍ ያባርራሉ። ዘነቡ ከነሱ ጋር ዋለች። «ቀና በይ» ያላት ሰው የለም። ግን ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ እሷ ወደ ምን ታይ? መከሩ ሳይገባ አንገቷ እንደ ሸንበቆ ቀጥ አለ።

የይርገዱ ግን አልተመለሰም። ዛፍ መውጣት ባትችልም ለአገሩ ሰው የንብን ጠባይ አስተማረች፤ ቀፎ እንዴት እንደሚታጠን፣ ማር መቼ እንደሚቆረጥ። አገሩ ማር ጠገበ፣ ጠጅ ጠገበ። «እማማ ይርገዱ» ተባለች። የተጣላ እሷ ዘንድ ይታረቃል፣ የሚያገባ እሷ ዘንድ ይመረቃል።

መጀመሪያ ሕፃናቱ ፊቷን ለማየት ጎንበስ ይሉ ጀመር። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ሰላም ሲሏት በአንገታቸው እንደ እሷ መታጠፍ ያዙ፤ ጨዋነት ነው ተባለ። አንዲት ሙሽራ ሠርጓን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ዋለችና «እንደ እማማ ያለች ቁጥብ» ተብላ ተወደሰች። ከዚያ ወዲህ ያገባች ሁሉ አንገቷን ደፋች።

አናጢው አያ ቢሻው አዲስ ቤት ሠራላትና እጇን ይዞ የበሩን ጉበን አስነካት።

«በእርስዎ ቁመት ልክ ነው የሠራሁት እማማ» አላት እየኮራ። «ሰው ሁሉ አይቶ ወደደው። ከእንግዲህ የምንሠራውን በር ሁሉ በእማማ ልክ አድርግልን ብለውኛል።»

ይርገዱ በእጇ እንጨቱን ዳበሰችው። ገና እርጥብ ነው። ከውስጡ እንደ አራስ ልጅ ድምፅ ያለ ቀጭን ነገር ሰማች። «ጎን…» አለ። «ጎን…»

እጇን ከእንጨቱ ሰበሰበች። የዚያ የጉም ሸለቆ ልማድ እንዴት እንደ ጀመረ ያን ጊዜ ገባት። እዚያም መጀመሪያ አንድ ጎባጣ ደግ ሰው ነበረ። እዚያም የሚወዱት ሰዎች ነበሩ።

ዘነቡ ምሳ ይዛ ገባች። አድጋለች፤ ለወግ ለማዕረግ ደርሳለች። ገበታውን ከእናቷ ፊት አኖረችና እጅ ነሣች። ይርገዱ ቁልቁል ስታይ የልጇን ማጅራት አየች። ልጅቷ ቀና አላለችም። እናቷ እስክትጎርስ ድረስ ጎንብሳ ቆየች፣ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ።

ይርገዱ አልጎረሰችም።

«ቢሻውን ጥሪልኝ» አለች። «ማማ ይሥራልኝ።»

ማማ ማለት እህል ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ በእንጨት እግር የቆመ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። አያ ቢሻው ግራ ገባው።

«እማማ፣ ይህን ቤት ጥለው? እርስዎ ማማ ላይ ምን ይሠራሉ? ብርዱስ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው በእኔ ምክንያት ጎንበስ እንዳይል ነው ልጄ» አለች። «አንገቴ ከእንግዲህ የሚያየው ወደ ታች ነው። እንግዲያው ከፍ ካለ ቦታ ያይ። ያንን በር ደግሞ ነቅለህ ከማማው ራቅ አድርገህ አንድደው፤ እንዳይጮህ ቶሎ አንድደው።»

በገመድ ጎትተው አወጧት። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና የመጣ፣ ለምርቃት የመጣ፣ እንደምን አደሩ ሊል የመጣ ሁሉ ከማማው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ማየት ግድ ሆነበት። መጀመሪያ ሰሞን «አንገታችንን አመመን» ብለው አጉረመረሙ። እሷም «ይመማችሁ፣ ትለምዱታላችሁ፤ ክፉውንም ለምዳችሁት ነበር» አለቻቸው።

ዘነቡ ምሳ ይዛ ከማማው ሥር ቆመች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ እናቷ ቀና አለች። ይርገዱ ከላይ ሆና ልጇን አየቻት። ፊቷ ሞልቷል። ጥርሷ እንደ አባቷ ፍንጭት ነው፤ ፍንጭት መሆኗን ረስታው ነበር። በግራ ጉንጯ ላይ መቼ እንደ ወጣ የማታውቀው ማዲያት አለ። አልቅሳ አልጠገበችም። ልጅቷ «ምሳው ይቀዘቅዛል እማዬ» ብትላት «ይቀዝቅዝ፣ ጥቂት እንዲሁ ቁሚልኝ» አለቻት።

ይርገዱ ስትሞት ማማውን አላፈረሱትም። ዛሬም የዚያ አገር ሰው ሰላም ሲባባል አገጩን ከፍ ያደርጋል ይባላል። ለምን ብትሉት አያውቅም፤ አባቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር ይላችኋል። የጉም ሸለቆው ሰውም ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

እኔስ የምላችሁ አጭር ናት። ሰው «በራሴ ጥረት ቀና አልኩ» ሲላችሁ፣ ከማን ጋር እንደ ዋለ ጠይቁት። ልጃችሁንም «ቀና በል» ከማለታችሁ በፊት፣ ቀና ብሎ የሚያየውን አስቀምጡለት።